ጉብታ

ከፖስታ ቤት በታች፣ ከቸርችል ቁልቁለት፣
ቴምብርና ሳንቲም ከሚሸጥባት ቤት፣
ክዳኑ የላላ የብስኩት ቆርቆሮ
ታቅፌ ገባሁኝ፣ የአባቴን ኑሮ።

አባቴ የቴሌ ነበር፤ ወገቡ ላይ ቁልፍ፣
ከሕዝብ ስልክ ሆድ ሳንቲም የሚያራግፍ።
ጉሮሮ የዘጋ ጎባጣ ሲያጋጥመው
ከኪሱ ደህናውን አውጥቶ እየተካው
ጎባጣውን ወደ ቤት ያመጣው ነበረ።
ለምን እንደሆነ ሳይናገር ኖረ።

ጎረቤቴ ምሕረተአብ ሰሞኑን ነገረኝ፦
"ሲቀረጽ የተሳሳተ ሳንቲም ቤት ያሠራል" አለኝ።
ሌሊቱን አልተኛሁም።

አቶ ዘርጋው ሌንሱን ከዓይናቸው ሰክተው፣
አምፖሉን አዘንብለው፣ ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው፣
እንደ ወጌሻ ጣት ቀስ ብለው ዳሰሱ።
"ስህተት ነው?" አልኳቸው።
ቀና ሳይሉ መለሱ፦

"ሲወለድ የጎደለ ጉብታ የለው ከጎኑ፤
ጸጥ ያለ ነው እንከኑ።
ኋላ የተወጋ ግን፣ ብረቱ የት ይሄዳል?
ተገፍቶ ከዳር ይቆማል፣
ከጉድጓድ አፋፍ ላይ እንደ ተቆለለ አፈር።
በጥፍርሽ ዳስሺው፤ አይሻክርም የቁስሉ ከንፈር?
እንግዲያ ይህን የመታው ከተማ ነው፤
ፋብሪካው ምን በወጣው።"

አንዷ አምስት ሳንቲም እንደ ቅጠል ሳስታለች።
"ለገሃር!" አሉ ሳቅ ብለው። "ይቺ አሥር ልትሆን ሽታለች።
ልጅ ነው፤ ሐዲድ ላይ አኑሮ፣ ቁጢጥ ብሎ ጠብቆ፣
ስልኩን ሊሸውድ። የአንበሳውን ጎፈር እዪው፣ ሸሽቷል ከፊቱ ርቆ።"

ሌላው መሐሉ ቀዳዳ። "መሰርሰሪያ። ክር ነበረው፤
ሰድደው፣ አውርተው፣ ሲጨርሱ ጎትተው
በዚያው ሳንቲም ነገም ሊደውሉ።
አንድ ቀን ክሩ ተበጠሰ፤ ሳይሰናበቱ ተለያዩ መሰለኝ" አሉ።

"አረንጓዴውስ?"
"ላብና ጨው። ከመቀነት ጫፍ ተቋጥሮ
ስንት ክረምት ኖሮ፣
ለአንድ ጥሪ የወጣ። የቸገረው ሰው ነው የፈታው።
ማንሳት ማንን እንዳነሳ፣ እሱን ስልኩ ነው የሚያውቀው።"

"ይሄስ?" አልኩ፣ የሚያበራውን እየገፋሁ ወደሳቸው።
ፊታቸው ጠቆረ፣ ሌንሱ ወረደ ከዓይናቸው።
"ከሁሉ የተጎዳ ይሄ ነው። ቆዳውን ገፈውታል።
በአሲድ ፈትገው፣ ታሪኩን አጥበውታል።
ማነው እንዲህ ያረገው?"
የእጄን ሎሚ ሽታ ከቦርሳዬ ሥር ደበቅሁት።
ትናንት ማታ እኔው ነበርኩ ያጠብኩት።

ከቆርቆሮው ሥር፣ ከዝገቱ መሐል
ቀላል፣ አመድማ፣ እፍ ቢሏት የምትበር
አንድ ሳንቲም ወጣች።
አቶ ዘርጋው ዝም ብለው አገላበጧት።
ዝም ብለው እንደገና አገላበጧት።
"ይቺ የስልክ አይደለችም" አሉኝ በመጨረሻ፤
"ስልክ አንድ ሳንቲም አይበላም።"
ጥማዱ ላይ፣ በበሬዎቹ ጀርባ፣ አራት ጎድጓዳ ነጥብ፣
ከእያንዳንዱም ዳር ጉብታ፣ ፀጉር የምታህል።
"ጥርስ ነው። የወተት ጥርስ።"
እርሳሳቸውን በምላስ አርሰው
እንደ ሌሎቹ ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ጻፉ፦
የጉዳት ምክንያት፣ ልጅ።

በዚያ ቤት ያደግሁ እኔ ብቻ ነኝ።

"ስንት ያወጣሉ?"
"ምንም። ፋብሪካው አልተሳሳተም።"
ወረቀቶቹን ቆጥረው ሰጡኝ፤ ገንዘብ አልተቀበሉም።

ከቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ያዝኩ ሽቅብ።
ረዳቱ መልስ ሰጠኝ፦ አንድ ብር፣ ከመዳፉ የሞቀች።
ዘውድ ነው ጎፈር ሳልል
ወደ መስኮቱ አዘነበልኳት፣
ጠርዟን በጥፍሬ ፈለግሁ።
"የሞባይል ካርድ መፋቂያ" አልኩ ለራሴ፣ ድምፅ አውጥቼ፤
አጠገቤ ያለች ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

"ወራጅ አለ!"
ረዳቱ በጣቶቹ መሐል በቀረችው ብር
የታክሲውን ጣራ መታ፦
ቋ፣ ቋ።